የእናቴ ትንፋሽ

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የቆዩ የብሉዝና የጃዝ ዘፈኖችን ስትዘፍን ኖራ ባለፈው ወር አረፈች። የመጨረሻ ቅጂዋን የሚያሰናዳው የስቱዲዮው ባለሙያ፣ በስንኞቹ መሃል የምትስበውን ትንፋሽ እየቆረጠ የመጣል አመል አለው። በሕይወት ሳለች "ትንፋሼን አትንካብኝ፣ ዘፈኑ ያለው እሱ ላይ ነው" ብላ ለምናው ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አላት።

ዛሬ ከጎኑ ተቀምጬ ልመናዋን አስታወስኩት።

"የኔ እህት፣ የሞተ ሰው ትንፋሽ ምን ይሠራለታል?" ብሎ ሳቀ።

የመጀመሪያውን ትንፋሽ ቆረጠ። ሳቁ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ደረቱን ዳበስ አድርጎ "ጉንፋን ሳይዘኝ አልቀረም" አለ። ሁለተኛውን ሲቆርጥ አፉን ከፈተ፤ አየር ግን አልገባለትም። እናቴ አንዴ ለመተንፈስ የሚበቃትን ያህል ታፍኖ ቆየና ትንፋሹ ተመለሰለት።

"እዚህ ቤት አየር የለም እንዴ?" አለና፣ ቶሎ ጨርሶ ለመውጣት፣ ኮምፒውተሩ የዘፈኖቹን ሁሉ ትንፋሽ በራሱ እንዲቆርጥ አዘዘው።

ወዲያው ከወንበሩ ወደቀ። ከንፈሩ እየጠቆረ ወደ ማቆሚያው ቁልፍ በጣቱ አመለከተኝ። ማሽኑ ገና ሁለተኛው ዘፈን ላይ ነው። እናቴ በድምፅ ማጉያው ያለ እረፍት ትዘፍናለች።

ቁልፉ ለእኔ ይቀርባል። እጄን ዘረጋሁና ድምፁን ከፍ አደረግኩት።