የድንበሩ ድንጋይ

ግሬደሩ ጎረቤት ማሳ ላይ ደርሷል። የአዛውንቱ ገበሬ ገብስ ግን ገና እሸት ነው። ከተማው የወሰደው መሬት እንደማይመለስ ያውቃል፤ የሚለምነው እህሉ እስኪደርስ እንዲታገሡት ብቻ ነው።

ጠዋት ከማሳው ጥግ አባቱ የተከሉትን የድንበር ድንጋይ ነቅሎ ማጅራቱ ላይ ጫነ። ሚስቱ መንገድ ዘጋችበት።

"ደም አላፈሰስክ፣ ሰው አልበደልክ! ተበዳዩም አንተ፣ ድንጋይ ተሸካሚውም አንተ?"

"ታዲያ ልጆቹ ምን ይብሉ? ልቀቂኝ።"

ከፊት ሆኖ የሚናገርለት ሽማግሌ አላገኘም፤ ሁሉም ፈርተው ቀሩ። ብቻውን ሄደ። በአገሩ ወግ ድንጋይ የተሸከመ ሰው አይናገርም፤ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። የተለመነው ሰው ድንጋዩን ካወረደለት፣ ልመናው ተሰማ ማለት ነው።

በተወሰደው መሬት ላይ ሕንፃ ከሚሠራበት ቦታ ደርሶ ፎርማኑ እግር ሥር ተንበረከከ። ፎርማኑ ከመሀል ከተማ የመጣ ወጣት ነው። አዛውንቱን ሲያይ ደነገጠ።

"ኧረ አባባ፣ ይነሡ! ይሄን ሁሉ ተሸክመው?" አለና በሁለት እጁ ድንጋዩን ከማጅራቱ አነሳለት።

ሰውዬው መሬቱን ሳመ። "እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ" አለ።

ቀና ሲል ድንጋዩ መሠረቱ ውስጥ ገብቷል፤ ግንበኛው ሲሚንቶ እያለበሰው ነው።

"ጠንካራ ድንጋይ ነው አባባ" አለ ፎርማኑ አቧራውን ከእጁ እያራገፈ። "ሌላም ካለ ያምጡ።"