የቤርኖት ሙሾ

የቤርኖትን ሬሳ ያመጣው ወንዙ ነው። ብርዱ ሊገባ ሲል ነበር። የት እንደ ወደቀ፣ ከማን ጋር እንደ ነበረ ያየ ሰው የለም። ጀርባው ላይ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ነበረች፤ ሌላ ቁስል አልተገኘበትም።

ወንድሙ ቡርግሬድ የአዳራሹ ጌታ ነው። ከቀብሩ በኋላ አዝማሪውን ሄካን ጠርቶ ሙሾ እንዲሠራ አዘዘው።

«ገዳዩም በስሙ ይግባበት» አለ።

«ገዳዩ ማነው ጌታዬ?»

«አሁን አንተ አታውቀውም?»

ሄካ ያውቃል። አገር ያውቃል። ኦስላክ ነው። ኦስላክ በዓሣ ነባሪው መንገድ፣ በባሕሩ፣ ብቻውን የመጣ መጤ ነው። ምላሱ ሰው ይቆርጣል። አዳራሹ ውስጥ ማን ወደ ጌታው ቀርቦ ይቀመጥ በሚል ከቤርኖት ጋር ተሰዳድቧል። ቤርኖት የጠፋ ዕለት ደግሞ እስከ ደረቱ ረጥቦ ነው የገባው።

ስሙ አንዴ ሙሾ ውስጥ የገባ ሰው የሚተርፈው ዘመዶቹ ተነሥተው ከማሉለት ነው። ኦስላክ ዘመድ የለውም።

ሄካ ሙሾውን የሠራው እመቤት ሚልድሪስ ሸማ የምትሠራበት ክፍል ተቀምጦ ነው፤ ጥሩ እሳት ያለው እዚያ ነው። የቡርግሬድ ሚስት ናት። ከጠላት ወገን ለእርቅ ስለ ተሰጠች «የሰላም ሸማኔ» ይሏታል። ድምፅዋን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ቤርኖት እርቁን አልወደደውም ነበር። ሕፃን ልጇን «የተኩላ ግልገል» ይለዋል፤ ሰው ይስቃል፤ እሷም አብራ ፈገግ ትላለች።

ሄካ ክራሩን እየነካካ ቃል ይፈልጋል። ገላን የአጥንት ቤት፣ ደምን የጦር ላብ ይላል። የመስመሩ ቃላት የመጀመሪያ ድምፃቸው አንድ ካልሆነ መስመሩ ይወድቃል። ቡርግሬድ እና ቤርኖት ሲጠሩ ይገጥማሉ። ኦስላክ ግን አስቸገረው።

«እምቢ አለኝ እኮ እመቤቴ። ስሙ ከእነሱ ጋር አልሄድ አለ።»

«ታዲያ ለምን ትጎትተዋለህ?»

«ታዝዤ ነዋ።»

ሚልድሪስ በወገቧ ባለችው ትንሽ ቢላ ክሯን ቆረጠችና ልጁን ልታጥብ ለብ ያለ ውኃ አቀረበች። ሕፃኑ ገንዳውን ሲያይ ቤቱን በጩኸት አናጋው።

«ይሄ ልጅ ውኃ ይወድ አልነበር እንዴ?» አለ ሄካ።

«ጥርስ እያበቀለ ነው» አለች።

የግብሩ ቀን አዳራሹ ሞላ። ጠጁ በቀንድ ዋንጫ ይዞር ጀመር። ኦስላክ በሩ ጥግ፣ ብርድ የሚገባበት ቦታ ተቀመጠ። ከጎኑ የተቀመጠ የለም።

«ዓሣ አጥማጃችን መጣ!» አለ አንዱ ከማዶ። «እስኪ ንገረን፣ ያን ዕለት ወንዝ ምን ልትሠራ ገባህ?»

«ዓሣ ላጠምድ።»

«መረብህስ?»

«እኔ በእጄ ነው። አንተ መረብ ይዘህም ከጉንፋን ሌላ ያገኘኸው የለም።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቡርግሬድ ብቻ አልሳቀም።

«ጠጣ» አለው። «ኋላ አንገትህ በገመድ ሲታነቅ ቀልዱን እንሰማለን።»

«ስሜ ገና አልተጠራም።»

«ይጠራል» አለ ሄካ፣ ክራሩን እያነሣ።

ሙሾው ሲጀመር ዋንጫው ሁሉ ቆመ።

«ብርቱው ቤርኖት ብቻውን በብርዱ፣
ብራቅ የመሰለ ብረቱን ብድግ አድርጎ በእጁ፣
ባላንጣውን በግንባሩ ጠበቀ።»

ሰው ራሱን ነቀነቀ። ማንም ባያይም ጀግና ሰይፍ ሳይዝ አይሞትም፤ ሙሾ እንደዚያ ነው። ሄካ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አድብቶ አጠቃው፣
አገር አልባው አውሬ፣ ኦስላክ።»

ገበታው በቡጢ ተደበደበ። አንዱ አጥንት ወረወረ። የኦስላክን ግንባር መታው።

ቡርግሬድ ተነሣ። «የሚምልለት አለ?»

ማንም ከወንበሩ አልተነሣም።

«አንተስ የምትለው አለህ?»

ኦስላክ ግንባሩን ጠረገ። ወደ ጌታው ወንበር፣ ወደዚያ አካባቢ ትንሽ አየና ዓይኑን መለሰ።

«አልኩ እኮ። ዓሣ ላጠምድ ነው የገባሁት።»

ሁለት ሰዎች ብብቱን ይዘው ጎተቱት። በእመቤቲቱ መቀመጫ በኩል ሲያልፉ፣ ወንድ ሲቀርበው የሚያለቅሰው ሕፃን ከአልጋው እጁን ዘርግቶ ካባውን ጨበጠ።

«አያችሁ! ሕፃን እንኳ ያዘው!» ብሎ ጮኸ አንዱ።

ኦስላክ ትንንሾቹን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀ።

«ልቀቀኝ ጀግናው» አለው በቀስታ። «አይዞህ።»

ወደ ውጭ አወጡት። በሩ ሲዘጋ ገመድ አምጡ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ከሙሾ በኋላ የመጀመሪያው ዋንጫ የአዝማሪው ነው። የምትሰጠውም እመቤቲቱ ናት። ሚልድሪስ ዋንጫውን በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ሄካ በላብ ተጠምቋል፤ ደስ ብሎታል።

«እንግዲህ እመቤቴ፣ እንደ ደንቡ ይንገሩኝ። መስመሬ የተሰበረበት ቦታ አለ?»

ሚልድሪስ የተዘጋውን በር አየች። ዋንጫውን አልሰጠችውም። ስትናገር አዳራሹ ሁሉ ድምፅዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ።

«አንድ ቦታ አለ» አለች። «ቤርኖት ወንዙ ላይ በእጁ ይዞ የነበረው ሰይፍ አይደለም፤ ልጄን ነው።»