የትከሻ ቅርፊት

ዶክተሯ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነጋ። ሙዚየሙ በር ላይ ስትደርስ ጥበቃው ገና ቁልፍ እየፈለገ ነበር። ነፍሱን ይማረውና ባሏ የቀረጻቸውን ሁለት የድንጋይ ኤሊዎች እንደ ልማዷ ጀርባቸውን መታ መታ አድርጋ አለፈች።

የቀድሞ ተማሪዋ ያመጣው አጽም የሚመረመረው ዛሬ ነው። አጽሙ እውነተኛ ከሆነ የሷ ሠላሳ ዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ነገሩ ጋሻ ለባሽ ስለሚባሉት ዳይኖሰሮች ነው፤ ከአንገት እስከ ጅራት የአጥንት ቅርፊት ስለለበሱ፣ ቅጠል ሲያኝኩ ስለኖሩ ግዙፍ ፍጥረቶች። እሷ ለአንዱ ዝርያ ስም ያወጣችው በአንዲት የትከሻ ቅርፊት ተነስታ ነው፤ ክንድ የሚያህል እሾህ ባላት። እንስሳው በዚህ እሾህ ጠላቱን ይወጋ ነበር ብላ ጻፈች። ሠዓሊዎችም ከዓመት ዓመት እሾኹን እያስረዘሙ ሳሉት። ተማሪዋ ግን ጋሻው ለጠብ ሳይሆን ለትዳር ነው ባይ ነው፤ ወንዱ ሴቷን ለመማረክ የሚያጌጥበት። አጽሙን ያወጣው ከዚያው ሸለቆ ሲሆን ትከሻው ላይ እሾህ የሚባል ነገር የለም።

ቅርፊቷን ያገኘላት ባሏ ነበር። ለቁፋሮ የተሰጣቸው ጊዜ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እሷ ድንኳን ውስጥ ተደብቃ ስታለቅስ፣ በሹራቡ ጠቅልሎ አመጣላት። እንዳትነኪያት፣ ትፈረካከሳለች አላት። እሱ እንደያዘላት ለካች፣ ጻፈች። ሙዚየም ሲገቡም በገዛ እጁ መስታወት ውስጥ አሸጋት።

ዶክተሯ አጽሙን ከድንጋይ ቀርጾታል ብላ የምትጠረጥረው ሰው አላት፤ የተማሪዋ የልብ ጓደኛ፣ ሠዓሊና ቀራጺው። እሾህ አልባውን እንስሳ ዝገት በመሰለ ቡናማ ቀለም ሥሎ የጨረሰው አጽሙ ሙዚየም ከመድረሱ በፊት ነው። ከየት አውቆ? ኮሪደር ላይ አግኝታ የእንስሳው ምኑ እንደማረከው ስትጠይቀው በነገር ልትይዘው እንደሆነ አልገባውም።

«እንደዚያ ታጥቆ መሽኮርመሙ ነዋ» አላት እየሳቀ።

ፊቷን አዙራ ሄደች።

ምርመራው በምላስ ነው። የሚያስቅ ይመስላል እንጂ የሙያው ሰዎች ሁሉ ያውቁታል፤ ያረጀ አጥንት ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ እርጥብ ምላስን ይይዛል፣ ተራ ድንጋይ ግን ያንሸራትታል። አድልታለች እንዳይሏት ዓይኗን እንዲሸፍኑላት ራሷ ጠየቀች። ዳይሬክተሩ ተስማማ። ቅርፊቶቹን አንድ በአንድ የሚያቀርብላት የላቦራቶሪው ሽማግሌ ነው፤ ብሩሽ ከጆሮው ስለማይጠፋ ጋሽ ብሩሽ ይሉታል። ከባሏም ከሷም ጋር ቆፍሯል፤ የሚጠረጥረው የለም። ጋሽ ብሩሽ ጓዳ ገብቶ ትንሽ ቆየና ትሪ ይዞ ተመለሰ።

የመጀመሪያው ቅርፊት ምላሷን ያዘው። ሁለተኛውም ያዘ። ሦስተኛው ሲይዝ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃታት፣ እግሯ ወለሉን ይደበድብ ጀመር። ጡረታዋን አሰበች፣ መጽሐፎቿን አሰበች፣ ባሏን አሰበች። አራተኛውም ያዘ። ተማሪዋ ጥግ ላይ ቆሞ ረጅም ትንፋሽ ሲያወጣ ሰማችው።

አምስተኛው ተንሸራተተ።

ደግማ ሞከረች። በጠርዙ፣ ከዚያ በጎኑ። ምንም የለም፤ ቀዝቃዛና ልሙጥ ነው።

«ድንጋይ ነው» አለች። «የቀረጸው ሰው እጁ የተባረከ ነው፣ አልዋሽም። ግን ድንጋይ ነው።»

የዳይሬክተሩ ወረቀት መንኮሻኮሹን አቆመ። ማሸነፏ ከዚህ ገባት፤ ወዲያውም ልጁ አሳዘናት፤ ፊደል ያስቆጠረችው ያህል የምታየው ልጅ ነበር።

«በል፣ የኔ ልጅ» አለችው ድምጿን አለስልሳ፣ «ማን እንደቀረጸው ንገረንና ይለቅ። ለጓደኛህ ብለህ ስምህን አታጥፋ።»

ጋሽ ብሩሽ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዶክተር፣ ይሄኛው የእርስዎ ነው፤ ለማመሳከሪያ ብዬ ከመስታወቱ ያወጣሁት።»