ማደር የተከለከለበት ቤት

ፈጣኑ ባቡር አገሩን ሁሉ የአንድ ሰዓት መንገድ ካደረገው ወዲህ፣ ከተመዘገቡበት ከተማ ውጭ ማደር በሕግ ተከልክሏል። ወይዘሮ አስረበብ ከጎንደር ደሴ የመጡት ልጃቸውን አርሰው ማታ ሊመለሱ ነበር። ሐኪሙ ግን አራሷ ትኩሳቷ እስኪበርድ ብቻዋን እንዳታድር አስጠንቅቋል፤ ከሕፃኑ ሌላ ሰው የላትም።

"እማዬ፣ የመጨረሻው ባቡር ሊሄድ ነው። የጎረቤቴን እናት ፖሊሶች ከአልጋ ሥር ጎትተው ነው የወሰዷቸው።"

"እኔን አልጋ ሥር አያገኙኝም፤ ወገቤ መች ይታጠፍልኛል?"

ለእንግዳ የሚነጠፍ ፍራሽ መሸጥ ከቀረ ዓመታት ስላለፉ፣ ወይዘሮ አስረበብ ጋቢያቸውን ወለሉ ላይ አነጠፉ። ባቡሩ ያለ እርሳቸው ሲወነጨፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ባዶ ወንበራቸው እንደሚያሳብቅባቸው ያውቃሉ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ።

"ማን ነው?" አለች ልጅቱ፣ ሕፃኑን ወደ ደረቷ ስባ።

"አራስ ጠያቂ ነው፤ ተኚ" አሉና በሩን በጀርባቸው ደገፉት።