ሰባተኛው ብልቃጥ

ጠዋት መጭመቂያ ማሽኑ የአንዱን ሠራተኛ ሁለት እጆች ከአንጓቸው ቆረጣቸው፤ ሰውዬው ደሙ አልቆ እዚያው ሞተ። ከሰዓት በኋላ የፈረቃው ሰዎች ስም የተጻፈባቸው ሰባት ብልቃጦች ለሽንት ምርመራ ተደረደሩ።

አለቃው ዓይኑን በጨው አጥቦ የፋብሪካውን ነርስ፣ «ሟቹ ዕፅ ወስዶ ነበር ብለሽ ጻፊና ጥፋቱ የራሱ ይሁን» አላት።

«ሽንቱን ሳላይ አልጽፍም» አለችው።

ስድስቱ ሠራተኞች ሽንታቸውን አስረክበው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። የሟቹ ባዶ ብልቃጥ ግን ከጠረጴዛው ላይ ጠፍቷል።

ሽንት ቤቱ ውስጥ ውኃ ተለቀቀ። ነርሷ ሰዎቹን ደግማ ቆጠረች፤ ስድስት ናቸው።

በሩ ከውስጥ ተገፋ።

«ቶሎ ተቀበይኝ እህቴ፣ እንዳያመልጠኝ» አለ ሁሉም የሚያውቀው ድምፅ።

ብልቃጡ ሞልቶ ይተናል፤ ግራና ቀኝ አጣብቀው የያዙት ሁለት ጉማጅ ክንዶች ናቸው።