የአቶ ይሻው ፎቶ

ፎቶው አሁንም ተበላሽቶ ወጣ። የአቶ ይሻው ብቸኛ ምስል በመታወቂያ ምዝገባ ቢሯችን ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠው ወደ ረጅም የፊደልና የቁጥር ጽሑፍ ተቀይሮ ነው፤ እኔ መልሼ ፎቶ ማድረግ ነበረብኝ። ባለቤታቸው እትዬ ፈንታነሽ ለነገው ተዝካር ፈልገውት ከሐሙሲት ደብረ ታቦር ድረስ መጥተዋል።

«ተምሬያለሁ አላልሽም?»

«እኔማ ተምሬያለሁ እትዬ፤ ያልተማረው ኮምፒውተሩ ነው።»

በሚቀጥለው ሙከራ የአቶ ይሻው ፊት ጠርቶ ወጣ። ግን ዓይናቸው ተከድኗል፤ አገጫቸውም ባለ ጥልፍ ጨርቅ ታስሮበታል። ጽሑፉን አመሳከርኩ። በሕይወት ሳሉ ከተመዘገበው አንድ ፊደል አልተለወጠም።

«ሲገነዝ እኔ ነኝ ያሰርኩለት» አሉ እትዬ ፈንታነሽ፤ «ከቀሚሴ ቀድጄ።»

ተናድጄ ያንኑ ጽሑፍ እንደገና ቀየርኩት። አሁን ዓይናቸው ተገልጦ እትዬ ፈንታነሽ ወደተቀመጡበት ያያል።

«አታትሚው ልጄ» አሉና ተነሱ። ወጥተው በሩን ዘጉብኝ።