የተገኘው ጫማ

ዓዋሌ ከጁምዓ ሶላት ሲወጣ አዲሱ ጫማው መስጊዱ በር ላይ አልነበረም፤ የቀረው አንድ አሮጌ ሸበጥ ብቻ ነው። እየተራገመ ሸበጡን አጠለቀና፣ ጫማው ውስጥ የሸጎጣትን ሳንቲም የምታክል የቦታ መጠቆሚያ በስልኩ እየተከተለ ገንደ ቆሬ ሰፈር ደረሰ። ምልክቱ ያደረሰው ቤት ደጃፍ በጫማ ተሞልቷል። «ሌባ! አሁን ትዋረዳለህ» ብሎ ስልኩ ላይ የመጠቆሚያዋን ማስጮኺያ ነካ።

ጫማው ሲጮህ ውስጥ ቁርኣን የሚቀሩት ሰዎች ንባባቸውን አቋረጡ። ዮኒስ የሚባል ባጃጅ ነጂ ዓይኑ ቀልቶ ወጣ። «ወላሂ አቦ፣ መስጊድ ሳለሁ እናትህ ሞተች ሲሉኝ ያገኘሁትን አጥልቄ ሮጥኩ» ብሎ ጫማውን በሁለት እጁ ሰጠው። ዓይኑ ግን ዓዋሌ እግር ላይ ባየው የገዛ ሸበጡ ላይ ቀረ።

«ለቅሶ ልትደርስ ነው?» አሉ አንድ ሽማግሌ ከውስጥ። «ግባ፣ አላህ ይስጥህ።»

«አዎ» አለ ዓዋሌ። ጫማው እጁ ላይ እየጮኸ ነበር።